«አንድ ግሉኮስ» ማለት ይብቃን

ሰውዬው ከኩታበር ተነስቶ ደሴ የደረሰው ገና በማለዳ ነው። የአራት ዓመት ልጁን በጋቢ አዝሎ መጣና የጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። ልጁን ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ሰንብቷል። ዓይኑ ጎድጉዷል። ሲስተሯ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው ቆዳው ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። መዘነችው፤ 13 ኪሎ። አንድ ጥቅል ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ሃይላንድ በጥብጣ፣ ኩባያና ማንኪያ ጨምራ ለአባትየው አቀበለችው። ሰውዬው ጠርሙሱን አየ፤ ሲስተሯን አየ።

«እታለም፣ ውሃ ልንጠጣ ነው እንዴ ከኩታበር ድረስ የመጣነው? አንድ ግሉኮስ ስኪለት እንጂ!»

አግዳሚው ሙሉ በሙሉ ከአባትየው ጋር ቆመ። አንዲት እናት «እውነቱን እኮ ነው፤ ልጁ ደክሟል» አሉ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። ለሲስተሯ የተናገረላት አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ወረፋዬን ይዤ ዝም አልኩ። ያን ቀን የዋጥኩትን ዛሬ ልናገር።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ «ግሉኮስ» ከመድኃኒትነት አልፎ የመታከም ማረጋገጫ ሆኗል። ሁዳዴን የጾመ፣ ረመዳንን ያጠናቀቀ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ያደረ፣ ሲጠጣ አምሽቶ ራሱን ያመመው፣ ጉንፋን የጣለው፣ ሁሉም «አንድ ግሉኮስ ይሰካልኝ» ይላል። ጠያቂ ሲመጣም የመጀመሪያው ጥያቄ «ግሉኮስ ተሰካለት?» ነው። ተሰክቶለት ከሆነ «እሰይ!»፤ ካልተሰካለት ደግሞ «ታዲያ ምን አደረጉለት?» ይባላል። ከዚህ ልማድ ሥር ሦስት እምነቶች አሉ። አንደኛው ግሉኮስ ጉልበት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው በደም ሥር የገባ ሁሉ በአፍ ከገባው ይበልጣል የሚል ነው። ሦስተኛው «ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚል ነው። ሦስቱም ትክክል አይደሉም፤ ከሁሉም የከፋው ግን ሦስተኛው ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ማንጠልጠያው ላይ የሚሰቀለውን ሁሉ «ግሉኮስ» እንለዋለን እንጂ ከረጢቶቹ አንድ አይደሉም። እውነተኛው ግሉኮስ፣ ባለ 5 ፐርሰንቱ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 50 ግራም ስኳር የያዘ ነው፤ ጨው የሚባል ነገር የለበትም። ኖርማል ሳላይን ደግሞ ስኳር የለበትም፤ በሊትር 9 ግራም የገበታ ጨው ነው። ሪንገር ላክቴት ሶዲየም፣ ክሎራይድ፣ ትንሽ ፖታሲየም፣ ትንሽ ካልሲየምና ላክቴት የተቀናጁበት፣ አሠራሩ ወደ ደም ውሃ የቀረበ ፈሳሽ ነው። በርበሬን፣ ጨውንና ስኳርን በአንድ ስም ጠርታ ልጇን ከጓዳ አምጣ ብላ የምትልክ እናት ብትኖር ምን ይመጣላታል? እኛም ክሊኒክ ገብተን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ልዩነቱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ይሰፋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ውስጥ ወደ 36 ሊትር ውሃ አለ። ውሃው ሦስት ቤት ውስጥ ተከፋፍሎ ይኖራል፤ 24 ሊትሩ በህዋሶች ውስጥ፣ 9 ሊትሩ በህዋሶች መካከል፣ 3 ሊትር ያህሉ ብቻ በደም ሥር ውስጥ። የህዋሱ በር ጠባቂ ሶዲየም ነው። ህዋስ ሶዲየምን ሳያቋርጥ ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ ጨው ይዞ የገባ ውሃ ከህዋስ ውጭ ይቀራል። ስኳሩን ግን ሰውነት ወዲያው ይጠቀምበታል፤ ስኳሩ ሲያልቅ የሚቀረው ባዶ ውሃ ነው፤ ባዶ ውሃ ደግሞ ሦስቱም ቤት እንደ ስፋታቸው ይገባል።

እንግዲህ እናስላው። አንድ ሊትር ሳላይን ወይም ሪንገር ከተሰጠ ሩቡ፣ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ደም ሥር ውስጥ ይቆያል። አንድ ሊትር ባለ 5 ፐርሰንት ግሉኮስ ከተሰጠ ግን ደም ሥር ውስጥ የሚቀረው አንድ አሥራ ሁለተኛው፣ ወደ 80 ሚሊ ሊትር ነው፤ የአንድ ሲኒ ቡና ያህል። ሕመሙ ሂሳቡን ወዲህና ወዲያ ሊያደርገው ይችላል፤ ቅደም ተከተሉን ግን አይለውጠውም። ተቅማጥ ያደረቀውን፣ ደም የፈሰሰውን፣ ልቡ የምትገፋው ያጣችበትን ሰው በግሉኮስ እናድነዋለን ማለት የጎደለ ጋን ሊሞሉ ወጥቶ ውሃውን ግቢው ላይ እንደ መርጨት ነው። በተቅማጥና በትውከት ጨው ላጣ ሰው ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። ባዶው ውሃ የቀረችውን ሶዲየም ያቀጥናታል፤ ሶዲየም በጣም ሲቀንስ አንጎል ያብጣል፤ ግራ መጋባትና ማንቀጥቀጥ ይከተላል።

«ጉልበቱስ?» ይባል ይሆናል። በአንድ ሊትሩ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ወሎዬ በሚወደው መጠን ስኳር የበዛበትን ሻይ ሦስት ብርጭቆ ብትጠጡ ከዚያ ብዙም አትርቁም፤ ዋጋውን ለራሳችሁ አስሉት። ግሉኮስ በእርግጥ ነፍስ የሚያድንበት ቦታ አለ። ስኳሩ ወርዶ ራሱን የሳተ ሕመምተኛ በደም ሥሩ ባለ 40 ፐርሰንቱ ሲሰጠው በደቂቃዎች ውስጥ ዓይኑን ይገልጣል። እዚያ ግሉኮስ በትክክለኛ ስሙ የተጠራ መድኃኒት ነው። የደከመው ጾመኛ ግን ስኳሩ አልወረደም፤ ስኳሩን የለካለትም የለም።

«እኔ ግን ተሰክቶልኝ ተሽሎኛል» የሚለውን ሰው ሐሰተኛ አልለውም። ሦስት ሰዓት ጸጥ ባለ ክፍል ተኝቷል፤ ሰው ተጨንቆለታል፤ ፈሳሹ ጨው ያለበት ከሆነም ትንሽ ደርሶለታል፤ ጉንፋኑም በራሱ ጊዜ ሊለቀው መንገድ ላይ ነበር። ምስጋናውን ግን ሙሉ በሙሉ ከረጢቱ ወሰደው።

አሁን ወደ «ባይጠቅምም አይጎዳም» እንምጣ። ኮምቦልቻ የምትኖር አክስት አለችኝ። ደም ግፊት አለባት፣ ልቧም ደክሟል፣ ጨው ቀንሺ ከተባለች ዓመታት አልፈዋል። አንድ ዓመት ከዒድ ማግሥት ጉልበቷ ዛለና ከቤተሰቡ ጋር ሆነን ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። የለመንነው እኛው ነን፤ «ግሉኮስ ስኩላት» አልን። ከቀትር በኋላ ሁለት ከረጢት ተንጠለጠለላት። ማታ ቤት ተመልሳ ተኛች። ትንሽ ቆይታ «ትራስ ጨምሩልኝ» አለች። ሦስተኛ ትራስ ጠየቀች። ከዚያ ጭራሽ መተኛት አቃታት፤ ቁጭ ብላ ነጋ። ሌሊቱን ሙሉ የምትተነፍሰውን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ጠዋት ሐኪም ቤት ሳንባዋ ውሃ መቋጠሩ ታወቀ፤ ላዚክስ ተሰጥቷት ውሃው በሽንት ሲወጣ ነፍሷ ተመለሰች።

በኋላ ባዶዎቹን ከረጢቶች አየኋቸው። እኛ «ግሉኮስ» ብለን በለመንነው ላይ የተጻፈው ሶዲየም ክሎራይድ 0.9 ፐርሰንት ነበር። ሁለት ሊትር፣ 18 ግራም ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል። ወጧ ውስጥ ቆንጥረን የምንነፍጋትን ጨው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሦስት ቀን ተኩል መጠን በክንዷ አፈሰስንላት። ካርዷን ማየት የነበረበት ባለሙያ ጥፋት አለበት፤ በተሳሳተ ስም የለመንነው እኛም አለብን።

የአክስቴ ነገር የአንድ ቤት ታሪክ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ2011 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3,100 በላይ ሕጻናትን አካቷል። ከባድ ትኩሳት ይዟቸው፣ የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ልጆች ነበሩ፤ የተቅማጥ ሕመምተኞች አልተካተቱም። ፈሳሽ በፍጥነት በደም ሥር ከተሰጣቸው ውስጥ ከመቶ 10.6 ያህሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ። በፍጥነት ካልተሰጣቸው መካከል የሞቱት ከመቶ 7.3 ናቸው። በዛምቢያ በአዋቂዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣውም ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ኢንፌክሽን ደማቸውን መርዞት የደም ግፊታቸው ከወረደ ሕመምተኞች መካከል ብዙ ፈሳሽ በተሰጣቸው ወገን የሞተው 48 ከመቶ ሲሆን በተለመደው ሕክምና 33 ከመቶ ነበር። እነዚህ እንደኛው የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚያጥራቸው፣ ሳንባ ውሃ ሲቋጥር አየር የሚሰጥ መሣሪያ እንደ ልብ የማይገኝባቸው አገሮች ናቸው። ስለዚህ «አይጎዳም» የሚለው ቃል ለደሴ ከሎንዶን ይልቅ አደገኛ ነው።

ወሎ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረባት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ባቲ መጠለያ የተሰበሰቡትን ሕጻናት ያየ ትውልድ ዛሬም በሕይወት አለ። በምግብ እጥረት የከሳ ልጅ ልቡም ከስቷል፤ ሰውነቱ ውስጥ ሶዲየም ተከማችቷል፣ ፖታሲየም አልቋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ደክሟል» ብሎ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት የደከመች በቅሎ ላይ ኩንታል መጨመር ነው። ለዚህ ነው የሕክምና መመሪያዎች ለከሳ ልጅ፣ ራሱን ስቶ ሾክ ውስጥ ካልገባ በስተቀር፣ ፈሳሹን በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ ስጡ የሚሉት።

ለባለሙያዎችም አንድ ነገር አለኝ። በእነሱ ዘንድ ያለው ልማድ «ኖርማል» የሚለውን ቃል ማመን ነው። ኖርማል ሳላይን ኖርማል አይደለም። በሊትር 154 ሚሊሞል ክሎራይድ አለበት፤ ደማችን ውስጥ ያለው 100 አካባቢ ነው። በብዛት ሲሰጥ ደምን ወደ አሲድነት ይገፋል። ሪንገር ላክቴት ክሎራይዱ 109 ገደማ ነው፤ ላክቴቱን ጉበት ወደ ባይካርቦኔት ስለሚለውጠው አሲዱን ያለዝበዋል። ሲድኒ ሪንገር ሎንዶን ውስጥ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ፖታሲየምና ካልሲየም ያለበትን ውሃ ቀመረ፤ አሜሪካዊው የሕጻናት ሐኪም አሌክሲስ ሃርትማን በ1930ዎቹ ላክቴት ጨመረበት፤ ተቅማጥ ያደረቃቸውን ልጆች እያሰበ ነበር።

ይሁንና «ሪንገር ሁሌም ይበልጣል» የሚለውም ሌላ «አንድ ግሉኮስ» ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ወደ 15,800 በሚጠጉ ጽኑ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ሪንገርን የመሰሉ ፈሳሾች በሞትና በኩላሊት ጉዳት ድምር ውጤት በጥቂቱ እንደሚሻሉ አሳየ፤ 14.3 በ15.4 ከመቶ። ከዚያ በኋላ በብራዚል፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የተሠሩት ትልልቅ ጥናቶች ግን በሞት ረገድ ግልጽ ልዩነት አላገኙም። ጭንቅላቱ ለተጎዳ ሰው ሳላይን ይመረጣል። ደም በሚሰጥበት መስመር ሪንገርን ማስገባት አይገባም። ካልሲየም ስላለበትም በየጤና ጣቢያው የሚወጋው ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ አዲስ በተወለደ ሕጻን ላይ ከሪንገር ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ትክክለኛው ጥያቄ ምንጊዜም «ለማን? ምን አጥቶ?» የሚለው ነው።

በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ጠላቴ አይደለም። ኮሌራ ሲመጣ፣ እኛ አተት እያልን የምንጠራው ማለት ነው፣ ራሱን የሳተን ሰው ከሞት የሚመልሰው እሱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ቋራ በርሚል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ ላይ ኮሌራ ሲነሳ ያየ ሰው ይህን አይክድም። በ1832 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ላታ ሌይዝ በተባለችው የወደብ ከተማ በኮሌራ ልትሞት ለተቃረበች አሮጊት የጨው ውሃ በደም ሥሯ ሰጣት፤ ሴትዮዋ ነፍስ ዘራች፤ ግን ከሄደ በኋላ ተቅማጡ ሲመለስ የቀጠለላት ስላልነበረ ሞተች። ትምህርቱ ዛሬም ያው ነው፤ በብዛት፣ በፍጥነት፣ የጠፋውን እየተኩ። ለ60 ኪሎ ሰው 6 ሊትር ሪንገር በሦስት ሰዓት ውስጥ፤ ከዚያ ውስጥ 1.8 ሊትሩ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት። ባዶ ግሉኮስ ለዚህ አይፈቀድም። ክሊኒኮቻችን ለደከመው ሁሉ በሦስት ሰዓት ጠብ የሚያደርጓት አንድ ከረጢት ግን ለሚሞተው ታንሳለች፤ ላልታመመው ትበዛለች።

የቀረው «በደም ሥር የገባ ይበልጣል» የሚለው ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የባንግላዴሽ ስደተኞች ሕንድ ድንበር ላይ ቦንጋኦን በተባለ ቦታ በኮሌራ ሲረግፉ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውሃ አስበጥብጦ ዘመድ ለታማሚው በኩባያ እንዲያጠጣ አደረገ። ከመቶ 30 ይሞቱ የነበሩት ወደ 3.6 ወረዱ። ምሥጢሩ አንጀት ውስጥ ነው። ኮሌራ የአንጀትን የጨው በር ይዘጋል፤ ውሃ ብቻውን ቢጠጣ አያልፍም። አንድ በር ግን ሳይዘጋ ይቀራል፤ እሱም ግሉኮስና ሶዲየም እጅ ለእጅ ተያይዘው ብቻ የሚያልፉበት በር ነው። ሁለቱ ሲያልፉ ውሃው ይከተላቸዋል። ኦአርኤስ ውስጥ ሁለቱም በእኩል መጠን፣ 75 ሚሊሞል በሊትር፣ የተቀመሩት ለዚህ ነው። ሳላይን ጭራሽ የሌለው 20 ሚሊሞል ፖታሲየምም አለበት፤ የሪንገር አምስት እጥፍ። አንዳንዱ «ለምለም» የሚለው ያ ጥቅል፣ መጠጣት ለሚችል ተቅማጥ ላለበት ሰው ከሦስቱም ከረጢቶች የተሟላ ነው።

«የሚጠጣውን ሁሉ ያስመልሰዋል» ለሚሉ መልሱ ማንኪያ ነው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ ቀስ እያሉ በማንኪያ መቀጠል፤ ከሚወጣው ይልቅ የሚቀረው ይበዛል። መዋጥ ያቃተው፣ ራሱን የሳተ፣ የደም ሥሩ ትርታ የማይዳሰስ ከሆነ ያኔ መርፌው ግዴታ ነው። «ሕዝቡ ካልሰካንለት ይሄድብናል» የሚሉትን ክሊኒኮችም አውቃለሁ። ኪራይ አለባቸው፤ ከረጢቱ ደግሞ ገቢ ነው። ግን በሽተኛው ፈለገ ተብሎ የሚሰጥ መድኃኒት ከገበያ ሸቀጥ በምን ይለያል?

እጥረቱንም እናስታውስ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያልፍባቸው ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። በእንዲያ ያለ ጊዜ ለድካም የተንጠለጠለ እያንዳንዱ ከረጢት፣ ወልዳ ደም ከሚፈሳት እናት የተወሰደ ነው። ባለጸጋዋ አሜሪካ እንኳ በ2024 እ.ኤ.አ. ሄለን የተባለው አውሎ ነፋስ ሰሜን ካሮላይና ያለውን፣ የአገሪቱን ፈሳሽ 60 ከመቶ ገደማ የሚያቀርበውን ፋብሪካ በጎርፍ ሲያጥለቀልቀው፣ ሆስፒታሎቿ መጠጣት የሚችለውን ሕመምተኛ በአፍ እንዲጠጣ አደረጉ። በችግር ጊዜ ያደረጉትን እኛ በደህናው ጊዜ ብናደርገው የሚጎዳን የለም።

እንግዲህ ክሊኒክ ስትገቡ «ግሉኮስ» አትበሉ። «የጎደለኝ ምንድን ነው? የሚሰጠኝ ፈሳሽ የትኛው ነው? በአፌ መውሰድ አልችልም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የልብ፣ የኩላሊት፣ የስኳር ወይም የግፊት ችግር ካለባችሁ መርፌው ሳይገባ ተናገሩ። ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ቤተሰብ ካለ አንብቡለት።

ወደ አግዳሚው ልመለስ። ሲስተሯ ከአባትየው ጋር አልተከራከረችም። አጠገቡ ተቀምጣ የመጀመሪያዎቹን ማንኪያዎች ለልጁ ራሷ ሰጠችው። ልጁ አንዴ አስመለሰ፤ ሰዓቷን አይታ ጠበቀችና ቀጠለች። ከዚያ ማንኪያውን ለአባትየው ሰጠች። በልጁ ክብደት ልክ፣ ሊትር ሊሆን ትንሽ የጎደለው፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ማለቅ ነበረበት። የእኔ ወረፋ ደርሶ፣ ተመርምሬ፣ መድኃኒት ቤት ሄጄ ስመለስ ጠርሙሱ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ልጁ ጋቢው ውስጥ ተነስቶ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ሽንቴ መጣ» አለ።

አባትየው ይዞት ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ፈታ ብሏል፤ ሆኖም ሲስተሯ አጠገብ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እታለም፣ እንዲያው ለመንገዱ እንኳ አንድ ግሉኮስ ብትሰኪለት?» አላት።

ሲስተሯ ባዶውን ጥቅል ከጠረጴዛው አንስታ ጽሑፉን በጣቷ አሳየችው። «አባቴ፣ ግሉኮሱ እኮ እዚህ ውስጥ ነበር። ጠጥቶታል።»